መልሱ ቅዳሜ ነው
የስድስት ቀን የናሙና ጉዞ ማስታወሻ

ሰኞ፣ ጥቅምት 11

ከአዲስ አበባ የወጣነው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ሦስት ነን፤ ሹፌራችን ጋሼ፣ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ዓመት ያልሞላት የእንስሳት ሐኪም ባልደረባዬና እኔ። ከኋላ አራት አይስ ቦክስ፣ ሁለት ካርቶን ጓንት፣ በፕላስቲክ የታሸጉ ንጹሕ ስፖንጆች፣ ቦት ጫማና ጋዋን ተጭኗል። ጋሼ አንዱን አይስ ቦክስ ከፍተው በረዶውን ብቻ ሲያዩ «እኔ ደግሞ የመንገድ ቢራ መስሎኝ» ብለው ክዳኑን በቅሬታ መለሱት።

የመጣንበት ጉዳይ የበሬ ሥጋ ነው። ከቄራና ከሉካንዳ ናሙና እየወሰድን ሳልሞኔላና ኢ. ኮላይ ኦ157 የተባሉት ባክቴሪያዎች መኖር አለመኖራቸውን እንከታተላለን። ናሙና መውሰዱ አይከብድም። የሚከብደው ቀን መምረጡ ነው። እኛ አገር ቀኑን የሚወስነው ጾሙ ነው፤ የማክሰኞ ማታ ዕርድ ለረቡዕ ስለሚሆን ቄራው ጭር ይላል፤ የሐሙስ ማታውም ለዓርብ ስለሆነ እንዲሁ። የሙስሊም ሉካንዳዎች ባይኖሩ በእነዚያ ሌሊቶች ቢላዋ የሚሳልም አይገኝም። ስለዚህ የእኛ ሌሊቶች ሰኞና ረቡዕ ሆኑ። ወሩ ላይ የጽጌ ጾም ቢኖርም የፈቃድ ጾም ስለሆነ ሉካንዳ አያዘጋም። ደግሞስ «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚል ሕዝብ ዘንድ ሄዶ ሥጋ ማጣት ከየት ይመጣል።

ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ከቢሾፍቱ አንድ ሰዓት የማታስኬድ ከተማ ቄራ ደረስን። ስሟን አልጠራም፤ ለምን እንደሆነ ወረድ ብላችሁ ታዩታላችሁ።

አምስት በሬ ቆሟል። ቄራው አንድ አዳራሽ ነው፤ የሲሚንቶ ወለል፣ ከጣሪያው የተንጠለጠሉ ሜንጦዎች፣ አንድ የውሃ ቧንቧ፣ አንድ ባልዲ። በሬው ተባርኮ ከታረደ በኋላ እዚያው ወለሉ ላይ ይገፈፋል፤ ቆዳው ከሞላ ጎደል ካለቀ ወዲያ ነው ወደ ላይ የሚሰቀለው። ገፋፊዎቹን ቆሞ ማየት ያስደስታል። ካራው በቆዳውና በሥጋው መካከል እንደ ውሃ ይፈስሳል፤ ቆዳው አንዲት ብጥ ሳይኖረው ይወጣል።

ችግሩም የሚጀምረው እዚሁ ነው። የጤነኛ በሬ ሥጋ ውስጡ ከሞላ ጎደል ንጹሕ ነው። ጀርሙ ያለው ቆዳው ላይና አንጀቱ ውስጥ ነው። ኦ157 የከብት አንጀት ውስጥ ተመቻችቶ ይኖራል፤ ከብቱን አያሳምመውም። መርዙ የሰውን የደም ሥርና ኩላሊት የሚያጠቃው የሚጣበቅበት ነገር ስላገኘ ነው፤ የከብት ደም ሥር ላይ ግን ያ መጣበቂያ የለም። ስለዚህ በሬው እያማረበት፣ እየወፈረ፣ በፋንድያው ያወጣዋል። ፋንድያው ቆዳው ላይ ይደርቃል። ካራው ቆዳውን ሰንጥቆ ሲገባ ከላይ ያለውን ይዞ ይገባል፤ የገፋፊው እጅ አንዴ ፀጉሩን አንዴ ሥጋውን ይይዛል።

የሥጋ መርማሪው ሥራውን የሚያውቅ ልጅ ነው። መንጋጋውን፣ ምላሱንና ልቡን እየሰነጠቀ የኮሶ ከረጢት ፈለገ፤ ጉበቱን ከፍቶ የጉበት ትል አየ፤ ሳንባውን በጣቱ ዳሰሰ። ከዚያ ሐምራዊውን ማኅተም አሳረፈ። አያቶቻችን ኮሶ እየጠጡ የኖሩበትን በሽታ የሚከላከለው ይህ ዓይንና ይህ ቢላዋ ነው፤ አልንቀውም። ነገር ግን እኛ የመጣንለት ነገር ርዝመቱ የአንድ ሚሊ ሜትር ሁለት ሺኛ ያህል ነው። መልክም ሽታም ጣዕምም የለውም። ማኅተሙ ከላዩ ላይ ያርፍበታል እንጂ አያየውም።

ባልደረባዬ አሥር በአሥር ሴንቲ ሜትር የሆነውን ክፈፍ እያስቀመጠች አንገቱን፣ ፍሪምባውን፣ ሽንጡንና ታፋውን በእርጥብ ስፖንጅ ታሻለች። አንድ በዕድሜ የገፉ አራጅ ሞረዳቸውን ይዘው ቆመው ሲያይዋት ቆዩና፣

«ልጄ፣ ቆሻሻ ከሆነ በዓይን ይታያል። ካልታየ ቆሻሻ አይደለም» አሏት።

«አባባ፣ የኮሶስ ዕንቁላል ይታያል?»

ሳቁ። «እሱስ አይታይም። ግን በኋላ ይታያል።»

እኔ ዓይኔ ባልዲው ላይ ቀርቷል። ቢላዋ ይነከርበታል፣ እጅ ይለቀለቅበታል፣ አንዳንዴ ሥጋው ላይ የተረጨ ደም በጨርቅ እየተነከረ ይጠረግበታል። ከመጀመሪያው በሬ እስከ አምስተኛው ውሃው አልተቀየረም። ሌሊቱን የከፋፈልኩት በእሱ ነው፤ ከመጀመሪያው በሬ ናሙና፣ ከአምስተኛው በሬ ናሙና፣ ከቢላዋው፣ ከባልዲው ውሃ። ሰባት ሰዓት ላይ አይስ ቦክሱን ዘጋን። ናሙናው በ24 ሰዓት ውስጥ ቤተ ሙከራ መግባት አለበት።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ሚካኤል ነው። ቢሾፍቱ ስንገባ መንገዱ በነጠላ ነጭ ሆኗል፤ ጋሼም መሪውን በአንድ እጃቸው ይዘው ተሳለሙ።

ቤተ ሙከራ የቀረችው ጓደኛችን ናሙናውን ተቀበለችን። ሳልሞኔላን መፈለግ ብዙ ሰው እንደሚያስበው በማይክሮስኮፕ አጮልቆ ማየት አይደለም። ይልቅ ጠላ ከመጥመቅ ጋር ይመሳሰላል፤ ደረጃ አለው፣ መታገሥ ይጠይቃል፣ ቢቸኩሉበት ይበላሻል። ከበረዶ የወጣ ባክቴሪያ ቢኖርም ደክሟል፣ ቆስሏል። ስለዚህ መጀመሪያ ይቀለባል፤ በፔፕቶን ውሃ ውስጥ በ37 ዲግሪ 18 ሰዓት ያህል ያድራል። ሲጠነክር ወደ ፈተና ይገባል፤ ማላካይት ግሪን የሚባል ቀለም ያለበት ሰማያዊ አረንጓዴ ፈሳሽ ውስጥ በ41.5 ዲግሪ ሌላ ቀን። አብዛኛው ሌላ ባክቴሪያ እዚያ ይዳከማል፤ ሳልሞኔላ ይችለዋል። ከዚያ ኤክስ ኤል ዲ የሚባለው ቀይ አጋር፣ ማለትም ባክቴሪያ የሚያድግበት እንደ ጄሊ የረጋ ምግብ፣ ላይ ተዘርግቶ ሌላ ቀን። ከዚያ ማረጋገጫ። ሰኞ ሌሊት የተወሰደ ናሙና ቅዳሜ መልስ ይሰጣል። የሰኞ ሌሊቱ በሬ ግን ማክሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ ጥሬውም ጥብሱም አልቋል።

ይህን ለሰው ስናገር «ታዲያ ምን ዋጋ አለው?» ይሉኛል። ጥያቄው ትክክል ነው። እኛ የምንመረምረው ያን በሬ ከሆነ ዋጋ የለውም።

ስለ ስሙ ደግሞ፤ ሳልሞኔላ ከሳልሞን ዓሣ ጋር ዝምድና የለውም። በ19ኛው መቶ ዘመን በአሜሪካ የእንስሳት ሐኪም የነበረው ዳንኤል ሳልመን ስም ነው። ባክቴሪያውን ያገኘው ግን በሥሩ ይሠራ የነበረው ቴዎባልድ ስሚዝ ነበር። አለቃ ስሙን ወሰደ፤ የትም አገር ያው ነው።

ከሰዓት በኋላ ሞጆ፣ ሥጋ ወደ ውጭ ከሚልኩት ቄራዎች አንዱን ለማየት ሄድን። እነዚህ ቄራዎች በብዛት የሚያርዱት በግና ፍየል ነው፤ ገበያቸው የባሕረ ሰላጤው አገሮች ናቸው። ለናሙና አልነበረም የሄድነው፤ ባልደረባዬ ሥርዓቱን በዓይኗ እንድታየው ነው። በር ላይ ቦት ጫማ ይታጠባል፤ ፀጉር ይሸፈናል። እያንዳንዱ ሰው አጠገብ ውሃው 82 ዲግሪ የሚሆን ሣጥን አለ፤ አንዱ ቢላዋ ውስጡ ተነክሮ ሌላው ይሠራል፣ ከአንዱ እንስሳ ወደ ሌላው ሲታለፍ ይቀያየራሉ። ማቀዝቀዣ ክፍሉ ሲከፈት ጋሼ ጃኬታቸውን ቆለፉ። ነጭ የለበሱ ፍየሎች በሰልፍ ተሰቅለው በአውሮፕላን የሚሄዱበትን ሰዓት ይጠብቃሉ።

ስንወጣ ጋሼ፣ «ለዱባይ ሲሆን ይቀዘቅዛል፤ ለእኛ ሲሆን ይሞቃል» አሉ።

«እርስዎ የቀዘቀዘ ሥጋ ይበላሉ?»

«ምን አባቴ ልሁን ብዬ! ሥጋ እየተንቀጠቀጠ ነው እንጂ።»

እውነታቸውን ነው። ትኩስ ሥጋ እንወዳለን፣ እኔም እወዳለሁ። ነገር ግን ኢ. ኮላይ ሲመቸው፣ ሙቀቱ የሰውነት ያህል ሲሆን፣ በየ20 ደቂቃው እጥፍ ይሆናል። ማታ አንድ የነበረው በሰባት ሰዓት ውስጥ ከሁለት ሚሊዮን ያልፋል። ሌሊቱን ማስያዬን አውጥቼ ለጋሼ አሳየኋቸው፤ «ሁለት ሚሊዮን ብር ቢሆን ጥሩ ነበር» ብለው ተኙ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

የመንገድ ቀን። ከሞጆ በፈጣኑ መንገድ ወደ ባቱ። መቂ ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም የጫኑ አይሱዙዎች ተደርድረዋል። ባቱ ዓሣ በላን፤ ጋሼ ዓሣ ጾም አይገድፍም ከሚሉት ወገን ናቸው፣ ባልደረባዬ ደግሞ ከማይሉት፤ ክርክሩ ሻሸመኔ ድረስ አብሮን ሄደ።

ባቱ ሳለን እኅቴ ከሲያትል ደወለችልኝ። የት እንዳለሁ ስነግራት ሳቀች፤ እዚያ የሐበሻ ምግብ ቤት ገብተው ጥሬ ክትፎ ሲያዝዙ ከዝርዝሩ ግርጌ ጥሬ ወይም በደንብ ያልበሰለ ሥጋ ሊያሳምም እንደሚችል የሚያስጠነቅቅ መሥመር በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። «ማንም አያነበውም» አለችኝ። ያ መሥመር ባለበት ከተማ ግን ታሪክ አለ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1993 መጀመሪያ፣ በዚያው በዋሽንግተን ግዛትና በሌሎች ሦስት ግዛቶች፣ ጃክ ኢን ዘ ቦክስ በተባለው ምግብ ቤት በደንብ ያልበሰለ ሃምበርገር የበሉ ከ700 በላይ ሰዎች በኦ157 ታመሙ፤ አራት ሕፃናት ሞቱ። መርዙ የልጆችን ኩላሊት ነው ቀድሞ የሚያጠፋው። በዓመቱ የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ኦ157 የተገኘበት የተፈጨ ሥጋ እንዳይሸጥ ወሰነ፤ በ2012 ስድስት የቅርብ ዘመዶቹን ጨመረባቸው። የአሁኑ ቁጥጥር ብዙው የመጣው ከእነዚያ ልጆች በኋላ ነው።

ለእኅቴ ይህን አልተረክሁላትም። ልጆቿ ክትፎ ይወዳሉ ወይ ብዬ ብቻ ጠየቅኋት። «ትልቁ ይወዳል፤ ለእሱ ግን አብስዬ ነው» አለች። ደስ አለኝ።

ማታ ከሐዋሳ ወዲህ ካሉት ከተሞች በአንዷ ቄራ ገባን። ሕንፃው ከሰኞው አይሻልም፤ ውሃውም በጀሪካን የሚመጣ ነው። ነገር ግን የሥጋ መርማሪዋ ሴት በራሷ ዘዴ ሁለት ባልዲ አድርጋለች፤ ቀዩ ለቆዳ ቢላዋ፣ ሰማያዊው ለሥጋ ቢላዋ። በሬው ሆዱ ከመከፈቱ በፊት የአንጀቱን ጫፍ በሲባጎ ያስራሉ፤ ፈርሱ ሥጋው ላይ እንዳይፈስስ። ሲባጎው ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ጠየቅኋት። «የማዳበሪያ ከረጢት ተርትረን ነው፤ ነፃ ነው» አለችኝ። ማስታወሻዬ ላይ ከማንኛውም ቁጥር በላይ አስምሬ የጻፍኩት ይህን ነው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

ሐዋሳ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት። ሥጋው ተሰቅሏል። ሐሙስ ስለሆነ፣ ትናንት ደግሞ ጾም ስለነበረ፣ ሉካንዳው ጠዋቱን ሞቅ ብሏል። የመጣነው ቄራው ላይ ያየነው ሥጋ እዚህ ሲደርስ ምን እንደሚጨመርበት ለማወቅ ነው። እኛም እንደማንኛውም ገዢ ቆመን ሩብ ኪሎ ገዛን፤ ቆራጩ «ለጥሬ ነው ለጥብስ?» አለን።

«ለምርመራ።»

እጁን አቆመ። የመጀመሪያው ሰው አይደለም፤ እንዲህ ስንል ሁሉም ያቆማሉ። ስም እንደማንወስድ፣ ቤቱ በቁጥር ብቻ እንደሚመዘገብ አስረዳነው። ከዚያ በኋላ ራሱ አስጎበኘን። ግንዱ መሐሉ ጎድጉዷል፤ ስንጥቁ ውስጥ ማታ ተፍቆ የማይወጣ ነገር አለ። በቢላዋው ሻኛ ይቆርጣል፣ በዚያው እጁ ብር ይቀበላል፣ መልስ ይሰጣል፣ እንደገና ይቆርጣል። ገንዘብ የሚቀበል ሌላ ሰው ቢኖርስ ብዬ ስጠይቀው «ገንዘቤን ለማን አምኜ!» አለኝ። ለዚህ መልስ የለኝም።

ስለ ክትፎ እዚህ ላይ ልናገር፣ የሚጣላኝ ይጣላኝ። ሙሉ ብልት ላይ ያለ ባክቴሪያ ከላይ ነው ያለው። ሲከተፍ ግን የላዩ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ላይና ውስጥ የሚባል ነገር አይቀርም። ጥብስ ላዩን እሳት ያገኘዋል። የተፈጨ ሥጋ መሐሉ 71 ዲግሪ ካልደረሰ መሐሉ ያለው አይሞትም። ለብለብ መሐሉን ለብ ነው የሚያደርገው፤ ስሙም ይናገራል። ሚጥሚጣም አይገድለውም፤ አዋዜም፤ አብሮ የሚጠጣው አረቄም ሆድ ውስጥ ገብቶ ሥጋውን አያጥበውም። ለኦ157 ደግሞ ከመቶ ያነሰ ባክቴሪያ ሰው ለማሳመም ይበቃል።

አምስት ሰዓት ላይ ወደ ቢሾፍቱ ተነሣን። ሻሸመኔን እንዳለፍን ባልደረባዬ አይስ ቦክሱ ውስጥ ያለውን ቴርሞሜትር አየችና ዝም አለች። 9 ዲግሪ። በረዶው ሟሙቷል፤ ከ4 መብለጥ አልነበረበትም። ጋሼ ምንም ሳይሉ መንገድ ዳር ካለች አንዲት ሱቅ አጠገብ አቆሙና ወረዱ። የሱቋ ባለቤት ልጆቿ የሚሸጡትን በሃይላንድ በረዶ የሆነ ውሃ አሥራ ሁለት አወጣች። ለምን እንደሆነ ስንነግራት «የሥጋ ነገር ከሆነ እንዳይበላሽ» ብላ ሁለት ጨመረችልን። ሃይላንዶቹን በናሙናው ዙሪያ ደረደርናቸው፤ ባቱ ስንደርስ ወደ 4 ወርዷል። በመዝገቡ ላይ 9 ዲግሪ ብለን ከነሰዓቱ ጻፍን። የተበላሸን ነገር እንዳልተበላሸ አድርጎ መጻፍ ከባክቴሪያው የባሰ ነው።

ቤተ ሙከራ ደግሞ ሌላ ወሬ ጠበቀን። ረቡዕ ሌሊት መብራት ሦስት ሰዓት ጠፍቶ፣ ጄኔሬተሩም አልነሣ ብሎ፣ ጓደኛችን ባክቴሪያው የሚያድግበትን ማሞቂያ ሣጥን፣ ኢንኩቤተሩን፣ በሩን ሳትከፍት ጋቢ አልብሳው አድራለች። ሙቀቱ ከሁለት ዲግሪ በላይ አልወረደም። «ጋቢው የአባቴ ነው፤ ታጥቦ ይመለሳል» አለች።

የሰኞው ናሙና የኦ157 መልስ ግን ደርሷል። ሶርቢቶል የሚባል ስኳር ያለበት አጋር ላይ ተራው ኢ. ኮላይ ስኳሩን በልቶ ሮዝ ይሆናል፤ ኦ157 በአንድ ቀን ውስጥ ስለማይበላው ቀለም አልባ ሆኖ ይቀራል። ሳህኑ በሮዝ ተሞልቷል፤ ሁለት ቀለም አልባ ቦታዎች አስደነገጡን፤ ኦ157 ሲያገኝ በሚያጓጉለው የላቴክስ ፈሳሽ ስንፈትናቸው አልጓጎሉም። ኦ157 አይደሉም። ሮዙ መብዛቱ ግን ራሱን የቻለ ወሬ ነው፤ ተራ ኢ. ኮላይ ሥጋ ላይ መገኘቱ ፈርስ ሥጋውን መንካቱን ይናገራል።

ዓርብ፣ ጥቅምት 15

ጠዋት ሦስታችንም ኢንኩቤተሩ ፊት ቆመናል። ጋሼም ገብተዋል፤ ጋዋን ለብሰው ከሁላችን ይልቅ ዶክተር ይመስላሉ።

የመጀመሪያው በሬ ሳህን ላይ የምንፈልገው የለም። የቢላዋው ላይ ቀይ መሬት ላይ የተበተኑ መሐላቸው ጥቁር ነጥቦች፣ እንደ ዓሣ ዓይን። የአምስተኛው በሬም እንዲሁ። የባልዲው ውሃ ሳህን ግን ጥቁሩ ከቀዩ በዝቷል።

ጋሼ አጎንብሰው ብዙ ካዩ በኋላ፣ «ይሄ ነው እንግዲህ ያ የማይታየው?» አሉ።

«ይሄ ነው።»

ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ስለ ሥጋ አልተናገሩም። ከነጥቦቹ ወስደን ለማረጋገጫ ወደ ሌሎች ቱቦዎች አሻገርንና ዘጋን። ምሳ ሽሮ ነበር፤ ዓርብ ነውና ማንም አልተከራከረም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

ቱቦዎቹ ጠቁረዋል፤ ሳልሞኔላን ሲያገኝ የሚያጓጉለው ፈሳሽ፣ ፀረ ሴረሙም፣ አጓጉሏል። ሳልሞኔላ ነው።

የሰኞው ከተማ የሥጋ መርማሪ ጋ ደወልኩ። ከበስተጀርባ የካራ መሳል ድምፅ ይሰማል፤ ቅዳሜ ነው፣ ለእሑድ ይታረዳል። ውጤቱን ነገርኩት።

«የቱ በሬ ነው ዶክተር?»

«አምስተኛው።»

ዝም አለ። «እሱማ ማክሰኞ አልቋል። የታመመ ሰው ሰምተሃል?»

«አልሰማሁም። አንተስ?»

«ማን ሆዱን አመመኝ ብሎ ቄራ ይመጣል?»

ስለ በሬው አይደለም አልኩት፤ በሬው ሄዷል። የመጀመሪያው ንጹሕ ነበር፤ በመጀመሪያውና በአምስተኛው መካከል ያለው ባልዲው ነው። ስለ ሁለቱ ባልዲዎች፣ ስለ ሲባጎው፣ ሞጆ ስላየነው ሣጥን ነገርኩት። ቦይለር ለመግዛት ደብዳቤ ከጻፉ መቆየታቸውን ነገረኝ፤ መልስ አልመጣም።

«ቦይለር አያስፈልግህም። ውሃ 82 ዲግሪ ከደረሰ በምንም ይሙቅ።»

«ማገዶ አለን። ግማሽ በርሜልም አይጠፋም» አለና ትንሽ አሰበ። «ቢላዋስ ስንት ይበቃናል?»

«ለአንድ ሰው ሁለት። አንዱ ሲሠራ አንዱ ይነከራል።»

ስልኩን ከጆሮው ሳያርቅ ለአራጁ ሲጮኽ ሰማሁት፤ ሽማግሌው አንድ ነገር መለሱ፣ ሳቅ ተሰማ።

«ምን አሉ?»

«ውሃው 82 መድረሱን በጣቴ ልወቅ ወይ አሉኝ።»

ቴርሞሜትር ይዤ እንደምመጣ ነገርኩት። ሰኞ ማታ፣ ሁለት ሰዓት።